የተከፈተውን ስለ መዝጋት፣ የተዘጋውን ስለ መክፈት

የሰው ሥጋ በሁለት ተቃራኒ ነገር ይፈተናል፤ ተዘግቶ መኖር የሚገባው ሲቀደድ ደም ይፈስሳል፣ ተከፍቶ መኖር የሚገባው ሲደፈን ደግሞ ደም ከመድረሻው ይቀራል፤ በሁለቱም መንገድ ነፍስ ከሥጋ ትለያለች። ስለዚህ የቀዶ ሕክምና ጥበብ፣ ምንም እንኳ መጻሕፍቱ ብዙ፣ መሣሪያዎቹም እልፍ ቢሆኑ፣ የተከፈተውን በመዝጋትና የተዘጋውን በመክፈት ላይ የቆመ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በዚህ ዳሰሳ የምንመለከተው መርፌና ክር ከምን ተነሥተው ወዴት እንደ ደረሱ፣ የደም ሥር መክፈቻ የሆኑት ሽቦና ፊኛም እንዴት እንደ ተገኙ፣ ከሁሉም ይልቅ ከቡታጅራ ተነሥቶ የዘቢዳርን ተራራ አቋርጦ ወደ ጉብሬ በሚወርደው መንገድ ላይ ለምትገኘው ለእዣ ወረዳ ከተማ ለአገና፣ በዙሪያዋም ላለው ሕዝብ፣ ከነዚህ መሣሪያዎች የትኛው እንደ ደረሰለት የትኛውስ እንደ ቀረበት ነው።

በጉራጌ አገር ስብራትንና ውልቃትን የሚያክመው ወጌሻ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ባለሙያ ነው። እንሰትም ምግብና ቃጫ ብቻ አልነበረም፤ አስታራና ጓርየ የተባሉት የእንሰት ዘሮች አጥንቱ ለተሰበረ ሰው መጠገኛ ይሆናሉ ተብለው በየጓሮው ይጠበቃሉ። ይሁን እንጂ ወጌሻው የሚመልሰው፣ የሚያስረውና የሚጠግነው አጥንትን ነው፤ ማሕፀን ሲተረተር፣ ሆድ ሲቀደድ፣ ደም ቅዳ ሥር ሲቆረጥ የእጁ ጥበብ ከወሰኑ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው የመርፌና የክር ግዛት ነው።

ሥጋን በክር መስፋት የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። የህንዱ ባለመድኃኒት ሱሽሩታ ስለ መርፌና ስለ ፈትል ዓይነት በጥንቃቄ ጽፎአል፤ በሁለተኛው ምእት ዓመት በጴርጋሞን የሰይፍ ተጋዳዮችን ቁስል ያክም የነበረው ጋሌንም ከአንጀት የተገመደን ክር ያውቅ ነበር። የበግ አንጀት ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተከርሮ የሚወጣው ይህ ክር ካትገት ተብሎ እስከ ትናንት ድረስ በዓለም ሆስፒታሎች ሁሉ ሲሠራበት ኖሯል። የበገናችን ዐሥሩ አውታር ከዚሁ ከበግ አንጀት የሚወጣ መሆኑን፣ የማሲንቆው አውታር የሆነው የፈረስ ጭራም ባለፉት ዘመናት በአውሮፓ ሐኪሞች እጅ ቁስል ይሰፋበት እንደ ነበር ያስተዋለ ሰው፣ ለምስጋና የተዘጋጀው አውታርና ለፈውስ የተዘጋጀው ክር ከአንድ በግ ሊወጡ ይችሉ እንደ ነበር ሲያስብ መደነቁ አይቀርም። የጎደለው ክር አልነበረም፤ የጎደለው ንጽሕና ነበር። ክሩ ራሱ መግልን ወደ ቁስሉ ይዞ ይገባ ስለ ነበር፣ የእንግሊዙ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ካትገቱን በካርቦሊክ አሲድ እየነከረ እስኪያጸዳው ድረስ፣ በደንብ የተሰፋ ቁስል ሁሉ የዳነ ቁስል አልነበረም።

ዛሬ በኦፕሬሽን ክፍል የሚቀደደው የክር ማሸጊያ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቀረብ ብሎ ለሚመለከተው የብዙ ዘመን ድካም የታሸገበት ነው። መርፌው እንደ ጨረቃ ጎብጧል፤ ዐይን የለውም፤ የክሩ ጫፍ ከመርፌው ጭራ ውስጥ ገብቶ ተጣብቋልና፣ ሥጋውን ሲያልፍ ዐይን ያለው መርፌ ከሚተወው ያነሰ ቀዳዳ ይተዋል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቍጥር የክሩን ቅጥነት ይናገራል፤ የዜሮው ብዛት ሲጨምር ክሩ እየቀጠነ ይሄዳል፤ የሆድ ግድግዳ በዜሮ ወይም በአንድ ሲሰፋ፣ የልብ ደም ሥር በሰባት ወይም በስምንት ዜሮ ይሰፋል፤ ይህም ከራስ ፀጉር የቀጠነ ነው። ሲልክና ናይለን ቁስሉ ከገጠመ በኋላ በመቀስ ተቆርጠው ይወጣሉ፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ቪክሪል ግን በሰውነት እርጥበት ቀስ በቀስ እየሟሟ፣ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ጕልበቱን ጨርሶ፣ በሁለት ወር ገደማ ፈጽሞ ይጠፋል።

ይህ የሚሟሟና የማይሟሟ ክር ልዩነት በከተማ ላለ ሰው የምቾት ነገር ይመስለዋል፤ በገጠር ግን የመንገድ ጉዳይ ነው። በአገራችን ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምስክር ትራኮማ ያመጣው የዐይን ሽፋሽፍት መቀልበስ ነው። ሕመምተኛው ዐይኑን በጨፈነ ቍጥር ፀጉሩ ብሌኑን እየፈተገ እስከ ማሳወር ያደርሰዋል፤ ሕክምናው ደግሞ ሽፋኑን ከውስጥ ቀዶ፣ ወደ ውጭ አዙሮ፣ በክር አስሮ መያዝ ነው። በቡታጅራ የግራርቤት ተሐድሶ ማኅበር የዐይን ሆስፒታል ከጉራጌና ከአካባቢው ለሚመጡ ዕውራንና ሕሙማነ ዐይን ይህን የመሰለውን ሕክምና ሲሰጥ ኖሯል። አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ ሽፋኑ በሲልክ ቢሰፋ ሰውየው ከሳምንት ከዐሥር ቀን በኋላ ክሩን ለማስወጣት ተመልሶ መምጣት አለበት፤ በሚሟሟው ቢሰፋ ግን አያስፈልገውም። በአማራ ክልል በምዕራብ ጎጃም 1300 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው እኩሌቶቹ በሲልክ፣ እኩሌቶቹ በሚሟሟው ክር ታክመው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሞአል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ተቀልብሶ ነበር፤ ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። አንዳንዱ አንባቢ ይህን እንደ ከንቱ ጥናት ሊቈጥረው ይችላል፤ እኔ ግን በዚህ አገር በክር ላይ ከተደረጉት ሥራዎች ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ክሮች በፈውስ እኩል መሆናቸው ከታወቀ፣ ምርጫውን የሚወስነው ሕመምተኛው ከቆላ ወደ ደጋ ዳግመኛ ለመውጣት መቻሉና አለመቻሉ ነው፤ ይህንንም የሚያውቀው ፋብሪካው ሳይሆን የአገሩ ሰው ነው።

ለእናቶች የሆነውን ደግሞ በአጣጥ እንየው። በወልቂጤ አቅራቢያ በቸሃ የሚገኘውን የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረቱት የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች የተባሉ የካቶሊክ ደናግል ናቸው። ምጥ የጸናባትን እናት ለማዳን የሚያስፈልገው ቢላዋ፣ መርፌ፣ የሚሟሟ ክር፣ ደምና የሠለጠነ እጅ ነው፤ ይህ ሁሉ ግን በሆስፒታሉ ተሟልቶ ሳለ እናቲቱ በቃሬዛ ላይ፣ በሸክም መንገድ፣ ገና ወንዝ ሳትሻገር ማሕፀኗ ከተተረተረ ክሩ በመጋዘን መቀመጡ ምን ይረባል? ይህን ያስተዋሉት የአጣጥ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1976 በግቢያቸው የእናቶች ማቆያ አቆሙ፤ አስቸጋሪ ወሊድ የሚጠበቅባት ሴት ቀኗ ሳይደርስ ከዘመዷ ጋር መጥታ፣ የራሷን ምግብ እያበሰለች፣ ምጧ እስኪመጣ ድረስ በዚያ ትቆያለች። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የነበረው መዝገብ ሲመረመር፣ በማቆያው ከቆዩት መካከል የሞቱት እናቶች ከመቶ ሺህ ሕያው ውልደት 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ከመጡት መካከል ግን ከ1300 በላይ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከከፋ በኋላ የሚመጡ ናቸውና ቍጥሩን ሁሉ ለማቆያው ብቻ መስጠት አይገባም፤ ቢሆንም ይህን ያህል የሰፋውን ልዩነት አይቶ ዝም የሚል ሰው የለም። እዚያ ያለው መርፌ በአዲስ አበባ ካለው መርፌ የተለየ አይደለም፤ የተለየው ሴቲቱን ከመርፌው አጠገብ አስቀድሞ ያመጣው ማቆያው ነው።

ከመንገዱ ቀጥሎ ሁለተኛው ነገር እጅ ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሀምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1967 ዓ.ም. የፌስቱላን ሆስፒታል ሲያቆሙ ከፍ ያለ መሣሪያ ይዘው አልመጡም፤ ሥራቸው በረጅም ምጥ የተበሳውን የሽንት ፊኛ ግድግዳ በጠባብ ስፍራ በትዕግሥት መስፋት ነበር። ራሳቸው በዚሁ ሕመም ተይዘው የመጡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ፣ ፊደል ሳይቈጥሩ፣ በኦፕሬሽን ክፍል አጠገብ ቆመው አይተው፣ በእጃቸውም ሠርተው፣ ለሐኪሞች የሚያስተምሩ የፌስቱላ ቀዶ ጠጋኝ መሆናቸው ለዚህ ጥበብ ምን እንደሚያስፈልግ ከመጽሐፍ ይልቅ ይናገራል። መንግሥትም ይህን የተከተለ መንገድ ወስዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖች ሥልጠና ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችን በሁለተኛ ዲግሪ አሠልጥኖ፣ በሆድ ቀዶ የማዋለድንና የድንገተኛ ሆድ ሕመምን ቀዶ ጥገና እንዲሠሩ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ይልካቸዋል። በአገና ዓይነት የወረዳ ከተማ መርፌና ክር ሥራ ላይ የሚውሉት በነዚህ ሰዎች እጅ ነው፤ ስማቸው በጋዜጣ አይነገርም፤ የሚገባቸው ምስጋና ግን ብዙ ነው።

ስቴፕለር የተባለውን በብረት ሽቦ አንጀትን የሚገጥም መሣሪያ በአጭሩ ልለፈው። የሃንጋሪው ሐኪም ሁልትል እ.ኤ.አ. በ1908 ጀመረው፤ የሶቪየት መሐንዲሶች አሳደጉት፤ ከ1958 በኋላም አሜሪካኖች ከዚያ ወስደው ለዓለም ገበያ አበቁት። ጊዜን ይቈጥባል፤ ነገር ግን በየጊዜው የሚጣል ጥይቱ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ አንጀትን በእጅ መስፋት የሚያውቅ ባለሙያ እያለ ለወረዳ ሆስፒታል አስቸኳይ ነገር ነው ብዬ አላምንም።

ከመዝጋት ወደ መክፈት የሚያሻግረው ድልድይ የደም ሥርን መስፋት ነው። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1894 በሊዮን ከተማ በጩቤ ተወግተው፣ ወደ ጉበት የሚሄደው ትልቅ ደም ሥር ተቆርጦ ሲሞቱ፣ በዚያው ከተማ የነበረው ወጣቱ አሌክሲ ካሬል የተቆረጠ ደም ሥር ለምን አይሰፋም ብሎ ተነሣ። ከአንዲት የጥልፍ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ የቀጭን መርፌን አያያዝ ተማረ፤ ክብ የሆነውን የደም ሥር አፍ በሦስት ክር ወጥሮ ሦስት ማዕዘን ካደረገ በኋላ በቀጥታ መስመር መስፋትን ዘዴ አደረገ። ስለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1912 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የልብ ደም ሥርን ተሻጋሪ ቀዶ ጥገና፣ ኩላሊትን ከሰው ወደ ሰው ማዛወርንና የኩላሊት እጥበትን መግቢያ ሥር ማዘጋጀትን ያስቻለው ይህ ስፌት ነው።

የተደፈነውን ከውስጥ የመክፈት አሳብ የመጣው ግን ከሌላ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በጀርመን አገር ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ሐኪም በክንዱ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ ልቡ ካደረሰው በኋላ፣ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ አስነሣው፤ ያን ጊዜ የነቀፉት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1956 ኖቤልን ሲቀበል አዩት። በአሜሪካ ፖርትላንድ ቻርልስ ዶተር እ.ኤ.አ. በጥር 1964 እግራቸው በደም እጦት የጠቆረውንና መቆረጥን እምቢ ያሉትን የ82 ዓመት ባልቴት፣ የጭናቸውን ደም ቅዳ እየወፈሩ በሚሄዱ ቱቦዎች ከፍቶ፣ በእግራቸው እንዲሄዱ አደረጋቸው። አንድሬአስ ግሩንትዚግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1977 በዙሪክ በልብ ደም ቅዳ ውስጥ ፊኛ ነፍቶ ጥበቱን አሰፋ። ፊኛው ሲወጣ ሥሩ ተመልሶ ይጠብ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በቱሉዝ እንደ መረብ የተሠራ የብረት ቱቦ፣ ስቴንት፣ በስፍራው ተትቶ እንዲቀር ተደረገ፤ በኋላም ጠባሳ እንዳይደፍነው መድኃኒት የተቀባበት ወጣ።

ሥራው ሲታይ እንዲህ ነው። ሐኪሙ የእጅ አንጓን ወይም የብሽሽትን ደም ቅዳ በመርፌ ወግቶ ለስላሳ ሽቦ ያስገባል፤ በራጅ መስተዋት እየተመለከተ ሽቦውን በጠበበው ስፍራ ያሳልፋል፤ በሽቦው ላይ ፊኛውን አስከትሎ ጥቂት ሴኮንድ ይነፋዋል፤ ስቴንቱ ሲከፈት ፊኛው ይወጣል። ሕመምተኛው ነቅቶ ያዳምጣል። በመጨረሻ በደም ቅዳው ላይ የተበሳው ቀዳዳ ይቀራልና፣ እርሱን ሐኪሙ ወይም ነርሷ በእጅ ተጭነው ያቆሙታል፤ ካልሆነም ከ1990ዎቹ ወዲህ በተሠሩት፣ በቆዳው ቀዳዳ ገብተው የደም ሥሩን ግድግዳ ራሳቸው በሚሰፉ ትንንሽ መሣሪያዎች ይዘጋል።

ስለ ስቴንት የሚነገረው ሁሉ ግን እውነት አይደለም። ልቡ በድንገት በረጋ ደም ለተዘጋበት ሰው ፊኛና ስቴንት ሞትን የሚመልሱ መሆናቸው የተመሰከረ ነው። ዳገት ሲወጣ ብቻ ደረቱን ለሚያመው፣ ሕመሙም ለማይባባስበት ሰው ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2007ና በ2020 የታተሙት ታላላቅ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ስቴንት ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ከመድኃኒት ይልቅ ዕድሜን አይጨምርም። ቤቱን ሸጦ ወደ ባሕር ማዶ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህን ልዩነት ከሐኪሙ አፍ መስማት መብቱ ነው።

በአገራችን የልብ ጥገና በስፋት የጀመረው ከሕፃናት ነው፤ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሪነት ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ጭምር በጥቁር አንበሳ ግቢ የተሠራው የልብ ሕሙማን ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ተከፈተ። በስዊድን የኖሩት የልብ ሐኪም ዶክተር ፍቅሩ ማሩ ያቋቋሙት አዲስ ካርዲያክ ሆስፒታልም ካቴተር በተባለው በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ የሚሰጠውን ሕክምና ወደ አገር ካስገቡት አንዱ ነው። ይህ ሕክምና የሚሰጥበት ክፍል፣ ካትላብ፣ ያላቸው ስፍራዎች ከዚያ ወዲህ ቢበዙም በአብዛኛው ያሉት በአዲስ አበባ ነው፤ ከአገና ደረቱ የታመመ ሰው ደግሞ በመልካም ቀን እንኳ ቢነሣ የመጀመሪያዎቹ ውድ ሰዓታት በመንገድ ያልቃሉ።

ይህ የሀብታሞች ሕመም ነው፣ ለገበሬ ምኑ ነው የሚሉ አሉ። ከነዚህ ጋር ፈጽሞ አልስማማም። በ2007 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከመቶ ጎልማሶች ዐሥራ ስድስት ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል። በቡታጅራ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ልደትንና ሞትን እየመዘገበ የኖረበት ጣቢያ፣ እንዲህ ያለውን ሕመም በገጠር ለመከታተል በአፍሪካ ከሚገኙት ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ነው። በየመን የተደረጉ ጥናቶች ጫትን አዘውትሮ መቃምን ከልብ ድንገተኛ ሕመም ጋር አያይዘውታል፤ ጫት ደግሞ በዚህ አገር በየጓሮው ነው። በመስቀል ከመርካቶ ወደ መንደሩ የሚገባው ነጋዴ በዓመት አንድ ጊዜ በወላጆቹ ቤት ይገኛል፤ ሐኪም ግን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አያየውም፤ በዚያ ሰሞን በአገናና በእምድብር በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አጠገብ የደም ግፊት ቢለካ ብዙ ሰው ሳያውቅ የተሸከመውን ነገር ያውቅ ነበር።

ከዚህም በላይ፣ ደም ሥሩ የሚዘጋው ሽማግሌው ብቻ አይደለም። በሕፃንነቱ የጉሮሮ ሕመም ታሞ በሩማቲክ ትኩሳት የልቡ በር የጠበበበት የሃያ አምስት ዓመት ሰው፣ ልቡ ሥርዓቷን ስታ መምታት ስትጀምር በውስጧ ደም ይረጋል፤ ያ የረጋ ደም አንድ ሌሊት ተነሥቶ ወደ እግሩ ሲወርድ ጭኑ ላይ ይቆማል፤ እግሩ ነጭ ይሆናል፣ ይቀዘቅዛል፣ ስሜቱ ይጠፋል፤ በስድስት ሰዓት ያህል ካልተከፈተለት መቆረጥ ይከተላል። ሩማቲክ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ የወጣቶች ሕመም ነውና፣ ይህን የሚመስል ነገር ለጉራጌ ደጋ እንግዳ አይደለም።

ለዚህ ሰው ካትላብ አያስፈልገውም። ቶማስ ፎጋርቲ በአሜሪካ ሲንሲናቲ ገና ተማሪ ሳለ፣ የላስቲክ ጓንትን ጣት ቈርጦ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ፣ ዓሣ አጥማጆች ማጥመጃቸውን በሚያስሩበት ቋጠሮ አስሮ፣ ፊኛ አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በሰው ተሠራበት። በብሽሽት ትንሽ ስፍራ አደንዝዞ፣ ደም ቅዳውን ቀዶ፣ ቱቦውን ከረጋው ደም አሳልፎ፣ ፊኛውን ነፍቶ ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ የረጋው ደም ተጎትቶ ይወጣል፤ ከዚያ የተቀደደው ደም ሥር በካሬል ዘዴ በቀጭን ክር ይሰፋል። በዚህ ሥራ መክፈትና መዝጋት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ፤ የሚጠይቀውም አንድ ቀጭን ቱቦ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን፣ አምስት ወይም ስድስት ዜሮ የሆነ የማይሟሟ ክርና ደም ሥር መስፋትን የተማረ ሰው ነው።

እንግዲህ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ የቡታጅራው ሆስፒታል ካትላብ ይግዙ አይግዙ ከማለት በፊት፣ ቀዶ ሐኪሞቻቸው ይህን ስፌት ጥቁር አንበሳ ሄደው እንዲማሩና ቱቦው ከመደርደሪያ እንዳይጠፋ ማድረግ ይችላሉ። የአገናው ሆስፒታል ደግሞ የልብን ምት የሚሥለውን ኢሲጂ አንሥቶ የሚያነብ ባለሙያ፣ አስፒሪንና የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ቢኖረው፣ የኢሲጂውንም ሥዕል በስልክ ለአዲስ አበባ ሐኪም ልኮ ምክር ቢቀበል፣ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ለሚደርስ የልብ ሕመምተኛ የልቡን ሥር ያለ ሽቦና ያለ ፊኛ የመክፈት ዕድል ይኖረዋል፤ ለሽቦው የሚሆነውንም መርጦ በአምቡላንስ በጊዜ ይልካል።